አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቁኝ

እኔን የጎዱኝ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀውኝ በመተዋቸው ነው። ይህን ነገር ለአምስት ዓመት በሆዴ ይዤው ኖሬአለሁ። ለሰው ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ ማንም አልመታኝም፣ ማንም ደመወዜን አልቆረጠብኝም። ነገሩ የሆነው በፋብሪካው የምሳ ክፍል ነው። ባለቤቱ ሰር ኦሜር ሎብስተር የሚባለው የባሕር እንስሳ ከሚቀቀልበት ክፍል እንደወጣ፣ ፊቱ በእንፋሎት ቀልቶ፣ ቦቲውን ሳያወልቅ ገባና መንግሥት በዚህ በባሕሩ ዳር ላሉት ክፍለ ሀገሮች አንድ ፕሮግራም እንዳወጣ ነገረን። አሠሪው ይህን ሠራተኛ እደግፈዋለሁ ይላል፣ ክፍለ ሀገሩ ያጸድቃል፣ ከዚያ በኋላ የሥራ ፈቃድ ማሳደስ የለ፣ ልመና የለ፣ ቋሚ ወረቀት ይመጣል፤ ባልም ይመጣል፣ ልጆችም ይመጣሉ። እኔ በሩ አጠገብ ስለተቀመጥኩ ከእኔ ጀመረ። «ሜና፣ አንቺ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። እኔም በሥርዓት እንዳደገ ሰው «እርስዎ እንዳሉ ሰር፤ ሌሎቹ ይቅደሙ» አልኩት።

ሌላ ምን ይባላል? በእኛ ደሴት ሰው ቤት ገብተሽ ሩዝ ሲቀርብልሽ እንኳ መጀመሪያ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ትያለሽ። ባለቤቲቱ «ኧረ ትንሽ ቅመሺ» ትላለች፤ «እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ» ትያለሽ። ሳህኑን ወዳንቺ ገፋ አድርጋ «ካልበላሽ እቀየምሻለሁ» ስትል ያን ጊዜ ማንኪያው ይነሣል። ሆድሽ ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ቢሆንም እንዲሁ ነው። ለአንድ ሳህን ሩዝ ይህን ያህል ከተለመነ፣ አገር ሲሰጡሽ እንደ ረሃብተኛ እጅሽን ትዘረጊያለሽ? ሰር ኦሜር ግን «እሺ» ብሎ ዓይኑን ወደሚቀጥለው ወንበር አዞረ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠችው የአክስቴ ልጅ ግሌንዳ ነበረች። ስሟን ሠራተኛ ለሚያስመጣው ወኪል ሰጥቼ እዚህ ሥራ ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ ከመጣች ዓመት አልሞላትም፣ የመጀመሪያውን ብርድ ያሳለፈችው እኔ አልጋ ላይ፣ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። ጥያቄው እንኳ ሳያልቅ «አዎ ሰር» አለች።

ዛሬ ግሌንዳ ወረቀት አላት። ባሏ ኖኤል መጣ፣ ሁለቱ ልጆቿ መጡ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ባለ ጋራዥ ቤት ገዙ። እኔ የዚያ ቤት ተከራይ ነኝ። ክፍሌ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነው፤ ማሽኑ ሲሽከረከር አልጋዬ አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ መስኮቷ ከሣሩ ጋር እኩል ስለሆነች የጎረቤቱ ድመት በየጠዋቱ ፊቴን እያየ ያልፋል። በወር አራት መቶ ዶላር ነው። በዚህ ዘመን ርካሽ ነው ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ባልና ሚስቱ የማታ ፈረቃ አብረው ሲገጥማቸው ልጆቹን የማበላውና የማስተኛው እኔ ነኝ። የሚከፍሉኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም፣ ዘመድ ነን። ግሌንዳ ወረቀቱ በመጣላት ሰሞን አንድ ቀን እራት ላይ «አቴ፣ ስላንቺ ለሰር ልንገረው እንዴ?» ብላኝ ነበር። አቴ ማለት በእኛ ታላቅ እህት ማለት ነው። እኔ ለልጆቹ የዓሣውን አጥንት እየለቀምኩ ነበር። «ተይው፣ አትቸገሪ» አልኳት። ተወችው። ሁለተኛ ብትለኝ «ካላስቸገረሽ» እላት ነበር። ሦስተኛ ብትለኝ አለቅስ ነበር። እሷ ግን ሩዝ ጨምራ መብላቷን ቀጠለች።

በዚህ መሀል ትልቁ ልጄ ሮዴል ሃያ ሁለት ዓመት ሞላው። ሕጉ ከእናቱ ጋር የሚመጣው ከሃያ ሁለት በታች ያለ ልጅ ነው ይላል፤ ከዚያ በላይ ራሱን የቻለ ሰው ነው። ሮዴል ራሱን ችሎ ሮክሳስ ከተማ ሞተር ብስክሌት ይጠግናል፤ ስደውልለት «ደህና ነኝ እማ» ይልና ስልኩን ለአባቱ ያቀብላል። የቀረችኝ ጄሳ ናት። እሷም ከገና በኋላ ትሞላለች። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ግን አገሬ ሳለሁ ላቋረጡ አዋቂዎች የሚሰጠውን የመንግሥት ፈተና ወድቄ ተነሥቼ አልፌዋለሁ፣ እንደ ሁለተኛ ደረጃ ይቆጠራል። ባለፈው ፀደይ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አለኝ ብዬ፣ የማሸጊያ ክፍል ሴት በመኪናዋ አድርሳኝ፣ ሞንክተን ከተማ ሄጄ የእንግሊዝኛውን ፈተና ተፈተንኩ። ለጥቂት አለፍኩ። ለግሌንዳ አልነገርኳትም፣ ለባሌ ለኡርባኖም አልነገርኩትም። የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቶ፣ የቀረው አንድ ሰው ሁለተኛ እንዲጠይቀኝ ብቻ ነበር።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ማጠቢያው ክፍል የሥራ ልብሴን ከማድረቂያው እያወጣሁ ነበር። የበጋው መጨረሻ ነው፣ የእኛ ሰፈር የሎብስተር ወቅት ከተከፈተ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ። ከምድር ቤቱ ወደ ወጥ ቤት የሚያወጣው ደረጃ በሩ ተከፍቷል። ላይ ኖኤል ነጭ ሽንኩርት በዘይት እያቁላላ ነው፤ ግሌንዳ የልጆቹን ምሳ ትቋጥራለች። ግሌንዳ አሁን የፈረቃ ኃላፊ ናት፣ ሰር ኦሜር ስለ እኛ ስለ ፊሊፒኖቹ የሚያማክረው እሷን ነው። ትናንት ቢሮ ጠርቷት ነበር አለች። ዘንድሮ ክፍለ ሀገሩ ለፋብሪካው የፈቀደው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አንደኛው የበረዶ ክፍሉ ቬትናማዊ ነው፣ እሱ ያለቀለት ነው። ሁለተኛውን ማንን ላድርግ ብሎ ጠየቃት፣ እሷም ከእኔ ጎን የምትሠራው ወጣቷ አይሊን ትሁን አለችው።

«አቴ ሜናስ?» አለ ኖኤል።

«አቴ ሜና አገሯ መመለስ ነው የምትፈልገው። ቤት እየሠራች አይደል?»

«ጠየቅሻት?»

«ያኔ ጠይቄያታለሁ። ተይው ብላኛለች።»

ኖኤል ሳቅ አለና «ደግሞ እሷ ወረቀት አግኝታ ከዚህ ቤት ብትወጣ ልጆቹን ማን ያስተኛልናል» አለ። ግሌንዳ አብራው አልሳቀችም። ዝም በል ግን አላለችውም። እኔ ታች ቆሜ የሥራ ሱሪዬን አጠፍኩት፣ ፈታሁት፣ እንደገና አጠፍኩት። ቤት እየሠራሁ መሆኔ እውነት ነው። የእናቴ ቤት ነው፤ አውሎ ነፋሱ ጣሪያውን ከወሰደባት ወዲህ አንድ ዓመት ግድግዳ፣ አንድ ዓመት መስኮት እያልኩ የማሠራላት። አሮጊት በሸራ ሥር ዝናቡን ታሳልፍ? ይህን ግሌንዳ ታውቃለች፤ እናቴ አክስቷ ናት፣ እዚያ ቤት ውስጥ ያደገችውም አብራን ነው።

ወጥቼ ቁርስ በላሁ። ኖኤል እንቁላሉን ለሁለት ከፍሎ ትልቁን ለእኔ አደረገው፣ እኔም በሩዜ በላሁት። ግሌንዳ በመኪናዋ ነው ይዛኝ የምትሄደው፤ መንገድ ላይ አይሊንን ከሠራተኞቹ ማደሪያ እንወስዳለን። የዚያን ዕለት ስለ እንቁላል ዋጋ አወራን። ግሌንዳ ሞንክተን ያለው የእስያ ሱቅ የደረቀ ዓሣውን ጨምሮበታል አለች፤ ድሮም ውድ ነበር አልኩ። እሷ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ምናልባት እሷም እኔ እንድናገር ጠብቃ ይሆናል፣ እኔ እንጃ። በቀኝ ባሕሩ፣ በግራ የእንጨት ቤቶቹ፣ አሮጌዎቹ የሎብስተር ወጥመዶች በየግቢው ተደራርበው፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አየኋቸው። አይሊን እየዘፈነች ገባች። የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፣ ባል የላትም፣ ሁሉ ነገር ያስቃታል። ያን ጠዋት ግን ደስታዋ ሌላ ዓይነት ነበር፤ አንዴ በመስታወቱ ግሌንዳን ታያለች፣ አንዴ እኔን ታያለች፣ ከዚያ አፏን በሹራቧ እጅጌ ትሸፍናለች። ግሌንዳ ነግራታለች፣ ዝም በይም ብላታለች ማለት ነው።

ሥራ ላይ አይሊንና እኔ ጎን ለጎን ነው የምንቆመው። ሎብስተሩ ተቀቅሎ፣ ቀይ ሆኖ፣ በበረዶ ውኃ ውስጥ አልፎ ይመጣል፤ ሌሎች ጅራቱን ይገነጥላሉ፣ እኛ መቀሶቹን፣ የሚቆነጥጥባቸውን እጆቹን፣ ሰብረን ሥጋውን ሳይቆራረጥ እናወጣለን። ከላስቲኩ ጓንት ሥር የጥጥ ጓንት አለ፣ እሱም ቢሆን ከሻይ ሰዓት በፊት ይርሳል፤ ከዚያ በኋላ ጣቶችሽ የራስሽ መሆናቸውን በዓይንሽ እያየሽ ነው የምታውቂው። ያን ቀን የመጣውን መቀስ ሁሉ እንደ ጠላቴ ነው የሰበርኩት። አይሊን ጎንበስ ብላ «አቴ፣ ቀስ በይ እንጂ፤ ሞቷል እኮ» አለችኝ። በዙሪያችን ያሉት ሳቁ። እኔም ሳልወድ በግድ ሳቅኩ። ይህችን ልጅ ልጠላት ሞክሬ ነበር፣ ከጠዋት ጀምሮ ሞክሬ ነበር፣ ግን ምን ብዬ ልጥላት? ምንም አታውቅም። ሰጧት፣ ተቀበለች።

የሻይ ሰዓት ሎሬት ኬክ ይዛ መጣች። ሎሬት የዚሁ መንደር ሴት ናት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ በዚህ ፋብሪካ የሠራች፣ ፈረንሳይኛዋና እንግሊዝኛዋ አንድ ላይ የሚወጡ። ሰማያዊ ፍሬ ከጫካ እየለቀመች ኬክ ትጋግራለች፤ ሽታው ከእኛ የሎብስተር ሽታ ጋር ተጣልቶ ያሸንፋል። እንደ ሁልጊዜው ክዳኑን ከፍታ ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠችና «የሚፈልግ?» አለች። እኛም እንደ ሁልጊዜው «እናመሰግናለን ሎሬት፣ አሁን በላን» አልን። እሷም እንደ ሁልጊዜው ለራሷ ቆርጣ፣ ለቬትናማዊው ቆርጣ፣ ክዳኑን ገጠመችው። እኛ ጠረጴዛውን ከበን ምራቃችንን ዋጥን። በየዓመቱ እንዲህ ነው። ስስታም ሴት ናት እያልን በቋንቋችን እናማታለን፤ ሁለተኛ ብትል ምን ነበረበት፣ ኬኩ እንደሆነ ይተርፋታል።

የዚያን ዕለት ግን ሎሬት ፍርፋሪውን ከሽርጧ ላይ እያራገፈች እንዲህ አለች፤ «እናንተ ልጆች ኬኬን እንደማትወዱት ገብቶኛል። ምንም አይደል፣ አልቀየምም። ያልገባኝ ሁልጊዜ ተቀምጣችሁ ለምን እንደምታዩት ነው።»

ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። ቀልድ አልነበረም። «ሎሬት፣ እኛ እኮ እንወደዋለን» አልኳት።

«ታዲያ ለምን አትበሉም?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነዋ የምትይን።»

«ስንት ጊዜ ልበል? ኬክ ነው እንጂ ጋብቻ አይደለም» አለች።

ሁሉም ሳቀ፣ ኬኩም ተበላ፣ አይሊን ጣቷን እስክትልስ ድረስ። እኔ ግን ቁራሼን ይዤ ማሰብ ጀመርኩ። ይህች ሴት ይህን ሁሉ ዓመት ኬኬን አይወዱትም ብላ፣ ሳትቀየም፣ እየጋገረች ታመጣ ነበር። አይ ስንላት አይ ማለታችን መስሏታል። ሰር ኦሜርም የዚህችው የሎሬት አገር ሰው ነው፣ በዚሁ መንደር ተወልዶ ያደገ። ያኔ «ሌሎቹ ይቅደሙ» ስለው እውነት ሌሎቹን አስቀደመ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለተኛ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ እሱ ጥያቄ መኖሩንም ረስቶታል። አሁንም ቢሆን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልልም። ሰው ሁለተኛ መጠየቅ አለበት። ግን ጄሳ ከገና በኋላ ሃያ ሁለት ትሞላለች፣ የዚህ አገር ሰው ደግሞ እስከ ገና ድረስ ጠባዩን አይለውጥም።

ደወሉ ተደውሎ ሁሉም ወደ ቦታው ሲመለስ እኔ ወደ ቦታዬ አልሄድኩም። በኋላ በር ወጣሁ። ሰር ኦሜር መጫኛው ላይ ቆሞ ከጀልባዎቹ የመጡትን ሣጥኖች የሚያወርዱትን ያይ ነበር፤ ነፋሱ ጨው ጨው ይላል፣ ሣጥን የሚያነሣው ፎርክሊፍት ይጮኻል። የላስቲክ ሽርጤን፣ የፀጉር መረቤን እንዳደረግኩ ፊቱ ቆምኩ። «ሜና፣ ማሽን ተበላሸ እንዴ?» አለኝ። አይደለም አልኩት። ከዚያ አፌ እምቢ አለኝ። ይህን ስናገር ማንም አያምነኝም፣ በምሳ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በላይ የሚለፈልፍ የለም፤ ግን ለራስ መለመን የሚባለውን ነገር በሕይወቴ አድርጌው አላውቅም። በእኛ ዘንድ ሰው ለሰው ነው የሚለምነው። ዘመድ ለዘመድ፣ ጎረቤት ለጎረቤት። የራስን ነገር በራስ አፍ ማለት እንደ መራቆት ነው።

«እኔ እፈልጋለሁ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ወረቀቱን። ፕሮግራሙን። ለእኔ፣ ለባሌ፣ ለልጄ። መመለስ አልፈልግም፤ የምሠራው ቤት የእናቴ ነው። የእንግሊዝኛውንም ፈተና አልፌአለሁ።»

ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። ግሌንዳ የነገረችው ሌላ መሆኑን ተናገረ፤ ትናንት ነው የነገረችው። ስም ተሰጥቷል፣ ቢሮ የምትሠራው የምራቱ የጊሌን ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው፣ ነገ ጠዋት ወደ ክፍለ ሀገሩ ይሄዳል። የሚቀጥለው ዓመት ግን የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ አለኝ። በሚቀጥለው ዓመት ልጄ አትቆጠርም አልኩትና የልደቷን ነገር አስረዳሁት። እሱም ባሕሩን አየ። ከዚያ ለምን ይህን ሁሉ ጊዜ አልነገርሽኝም ብሎ ጠየቀኝ። እንደገና እስኪጠይቁኝ እየጠበቅኩ ነበር አልኩት። ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። ክፉ ሰው አይደለም። ግን እንደ ብዙ አለቃ የሚያስጠላውን ነገር በራሱ እጅ ማድረግ አይወድም። «ለእኔ ሁለታችሁም ጥሩ ሠራተኞች ናችሁ» አለ። «ከአይሊን ጋር ተነጋገሪ። እሷ ከተስማማች ነገ ጠዋት ለጊሌን ንገሪያት፣ ስሙ ይለወጣል።» ቢላዋ እንደሚያቀብል ሰው ነገሩን ለእኛው ሰጥቶን ወደ ሣጥኖቹ ዞረ።

ከሰዓት በኋላው እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ከአይሊን ጎን ቆሜ መቀስ ሰበርኩ፤ እሷ ዘፈነች፣ ስለ አንድ የጀልባ ልጅ አወራችልኝ፣ ዓይኑ ደስ ይላል ነገር ግን ካልሲውን አይለውጥም አለች። እኔ እየሰማሁ በልቤ ቃሉን አዘጋጅ ነበር፣ የትኛውም ቃል ግን አላማረኝም። ሥራ ስናበቃ አይሊን ልብስ ለመቀየር ቆየች፤ ግሌንዳና እኔ መኪናው ውስጥ ብቻችንን ጠበቅናት። ሰር ኦሜር ነግሯታል፣ ከፊቷ ገባኝ። ቁልፉን አስገብታ ሞተሩን ሳታስነሣ እጇን መሪው ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«አቴ፣ ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?» አለች።

«ጠይቀሽኝ ተውሽኝ።»

«ተይው አላልሽኝም?»

«አልኩሽ። አንቺስ አመንሽኝ?»

ሎሬት አታውቅም፣ ሰር ኦሜር አያውቅም፤ ግሌንዳ ግን የእናቴ እህት ልጅ ናት፣ ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ ታውቃለች። ማወቋን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ለዚህ ነው ሁለታችንም ወደ ፊት ወደ ፋብሪካው ግድግዳ ያየነው። ከዚያ «ልጆቹ ሌሊት ሲባንኑ አንቺን ነው የሚጠሩት» አለች። ይቅርታ ይሁን ሌላ፣ ያለችው ያንን ብቻ ነው። ግሌንዳ መስታወቱን ነካካችው፣ በቦታው የነበረውን መስታወት።

አይሊን ፀጉሯ እርጥብ እንደሆነ ሮጣ ገባች። መንገዱን ሁሉ እሷ ብቻ አወራች። ማደሪያው ደጃፍ ስንደርስ እኔም አብሬያት ወረድኩ፤ ግሌንዳ መኪናዋን ሳታጠፋ ጠበቀችን። የማደሪያው ደጃፍ ላይ ቦት ጫማዎች በረድፍ ተደርድረዋል፣ ከውስጥ የሩዝ ማብሰያ ሽታ ይመጣል። አይሊንን ክንዷን ይዤ ነገሩን ከሥር ጀምሬ ነገርኳት፤ ሮዴል ያለፈበትን፣ የጄሳን ልደት፣ የሰር ኦሜርን ቃል። ሳቋ ቀስ በቀስ ከፊቷ ሲሄድ አየሁት። መጨረሻ ላይ «ቦታሽን ለእኔ ትለቂልኛለሽ?» አልኳት።

«እሺ አቴ፣ ምንም አይደል» አለች ወዲያው። «እኔ ወጣት ነኝ።»

አገሬ ብሆን ይህን ቃል ሰምቼ መሄድ ብልግና ነው። እዚህ ደግሞ ቃሉ ቃል ነው፤ ይዤው መኪና ውስጥ መግባት እችል ነበር፣ ነገ ጠዋትም ለጊሌን «ተስማምታለች» ብል ውሸት አልነበረም። በእኔ ላይ የተደረገው እንዲሁ ነበር። «አይሊን፣ ለወጉ አትመልሺልኝ» አልኳት። «ትለቂልኛለሽ ወይ?»

«አልኩሽ እኮ አቴ። የሚቀጥለው ዓመት አለ።» ፈገግ ልትል ሞከረች፣ ከንፈሯ ግን አልታዘዛትም።

ክንዷን አልለቀቅኩም። «የመጨረሻ ነው። እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቀየምሽም።»

አንገቷን ደፍታ የቦት ጫማዎቹን አየች። ከዚያ እንባዋ መጣ። ትናንት ለእናቷ ነግራታለች፤ እናቷ ለመንደሩ ሁሉ ነግራለች፣ በቤተ ክርስቲያን ሻማ አብርታለች። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳትም፣ ከደስታ ነው። ይህን ሁሉ እየተቆራረጠ ነገረችኝ። «በጣም ነው የምፈልገው አቴ» አለች።

«እኔም በጣም ነው የምፈልገው» አልኳት።

ሁለት ሴቶች አንዱን ነገር እንፈልገዋለን ተባባልን፤ እዚያ ደጃፍ ላይ ቆምን። አሥር ጊዜ ነገሩ ይቅር ልላት ፈለግኩ። ተይው፣ ያንቺ ነው፣ ልጄ ራሷን ትችላለች፣ የሚል ቃል በልማድ እስከ ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ጥርሴን ገጥሜ መለስኩት። ግሌንዳ ከመኪናው ውስጥ ታየናለች፣ ግን ጥሩምባውን አልነፋችም። አይሊን ፊቷን በእርጥብ ፀጉሯ ጠረገች።

«ጄሳ መች ነው የምትሞላው ያልሽኝ?» አለች።

«ከገና በኋላ።»

በረጅሙ ተነፈሰች። አሁን ድምፅዋ ያ የጨዋው፣ ቶሎ የሚመጣው ድምፅ አልነበረም፤ ዝቅ ያለ፣ ትንሽም ቁጣ ያለበት ነበር።

«ውሰጂው» አለች።

«እወስደዋለሁ» አልኳት። ሁለተኛ እስክትለኝ አልጠበቅኩም።